ሉዓላዊነት ኃላፊነት ነው፦ የፍራንሲስ ዴንግ ሕይወትና የተፈናቃዮች ጉዳይ



ዛሬ የምነግራችሁ የአንድ ታላቅ ጎረቤታችንን ታሪክ ነው፤ የዲፕሎማቱን፣ የሕግ ምሁሩንና የተፈናቃዮች ጠበቃውን የዶክተር ፍራንሲስ ማዲንግ ዴንግን። የምጠራቸው ቀኖችና ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

ስለ እሳቸው ለመናገር የመረጥኩት አንድ ትልቅ ሐሳብ ስላቆዩልን ነው። መንግሥት በግዛቱ ላይ ያለው ሉዓላዊ ሥልጣን፣ ዜጎቹን የመጠበቅ ግዴታው ሳይፈጸም ብቻውን አይቆምም። ቤቱ ለተቃጠለበት፣ ከቀዬው ለተነቀለ ዜጋ ጥላ ያልሆነ መንግሥት «የውስጥ ጉዳዬ ነው፣ ማንም አይግባብኝ» ብሎ በሩን የመዝጋት መብት የለውም። ይህ ዛሬ ቀላል አነጋገር ይመስል ይሆናል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግን በፕሬዚዳንቶች ፊት ቀርቦ እንዲህ ማለት እጅግ ከባድ ነበር። ፍራንሲስ ዴንግ አሉት፤ ብለውም አልተዉትም፣ ወደ ሕግ እንዲለወጥ ደከሙበት።

መጀመሪያ ችግሩን እንይ። ጦርነት ሽሽት ልጆቿን ይዛ ከናስር የተነሳች አንዲት እናት ድንበር አቋርጣ ጋምቤላ ብትገባ ስደተኛ ትባላለች። የሚጠብቃት ሕግ አለ፤ የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት፣ እንዲሁም በ1969 አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት። ስሟን የሚመዘግብ፣ ድንኳን የሚተክልላት የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን አለ። ያቺው እናት ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄዳ ማላካል ብትደርስስ? ረሃቡ ያው ነው፣ ፍርሃቱም ያው ነው። ነገር ግን ከአገሯ ስላልወጣች ጉዳይዋ የመንግሥቷ ብቻ ይሆናል። ያ መንግሥት ደግሞ ብዙ ጊዜ ወይ ያፈናቀላት ነው፣ ወይ ሊደርስላት ያልቻለ ነው፣ ወይም ከጠላት ወገን የሚቆጥራት ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ በገዛ አገሩ አገር ያጣ ሰው።

በ1982 በዓለም ላይ የነበሩት የአገር ውስጥ ተፈናቃዮች በ11 አገሮች 1.2 ሚሊዮን ያህል እንደነበሩ ተገምቷል። በ1995 ግምቱ ከ40 በሚበልጡ አገሮች ከ20 እስከ 25 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። የቀዝቃዛው ጦርነት ማብቃት በብዙ አገር የእርስ በርስ ጦርነትን አባባሰው፤ አገሮችም ድንበራቸውን ለስደተኛ ማጥበብ ጀመሩ። ሕዝብ በአገሩ ውስጥ እየተንከራተተ በዝቶ ሳለ፣ ስለ እሱ የሚናገር አንድም ዓለም አቀፍ ሰነድ አልነበረም።

ይህን ባዶ ቦታ ለመሙላት የተነሱት ሰው በ1938 በአብዬ ተወለዱ። አብዬ በሰሜንና በደቡብ ሱዳን መካከል ያለች፣ የንጎክ ዲንካ ሕዝብ የሚኖርባት፣ የሚሲሪያ አረብ ዘላኖችም በበጋ ከብቶቻቸውን ለግጦሽና ለውሃ የሚያወርዱባት ምድር ናት። አባታቸው ዴንግ ማጆክ ከ1942 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1969፣ የንጎክ ዲንካ የበላይ አለቃ ነበሩ። ከሚሲሪያው አለቃ ከባቦ ኒምር ጋር የመሠረቱት ወዳጅነት በሁለቱ ሕዝቦች መካከል ለብዙ ዓመታት እንደ ዋስ አገልግሏል። የውሃ ጠብ ሲነሳ፣ ከብት ሲዘረፍ፣ ሰው ሲሞት ሁለቱ አለቆች ተቀምጠው ይዳኛሉ፤ ካሳ ይቆረጣል፣ መንገድ ይከፈታል።

ልጃቸው ፍራንሲስ ያደጉት በዚህ ሸንጎ ጥግ ነው። ኋላ የአባታቸውን የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ አድርገው ጽፈዋል፤ የዲንካን ባህላዊ ሕግ፣ ተረትና ዘፈንም ሰብስበው አሳትመዋል። ከእነዚህ ሥራዎች የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው። በዲንካ ዘንድ አለቃ የሚከበረው ጦር ስለያዘ አይደለም፤ ሰዎችን ማስማማት ስለቻለ ነው። በቃሉ አሳምኖ የተጣላን የሚያስታርቅ፣ የተራበን የሚያበላ፣ እንግዳን የሚያስጠጋ ሲሆን አለቃ ይባላል። በእኔ እምነት ዴንግ ኋላ በዓለም መድረክ ያነሱት የሉዓላዊነት ሐሳብ ዘሩ የተዘራው በኒውዮርክ ወይም በጄኔቫ አዳራሽ ሳይሆን በዚያ በአብዬ ሸንጎ ነው። ሥልጣን ማለት ተጠያቂነት ነው የሚለው እምነት ከአባታቸው ደጅ ይዘውት የወጡት ነው።

በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማሩ፤ ወደ አሜሪካ ተሻግረውም በዬል ዩኒቨርሲቲ በ1968 የሕግ ዶክትሬታቸውን አገኙ። ከ1967 እስከ 1972 በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሰብዓዊ መብት ባለሙያ ሆነው ሠሩ። ያን ጊዜ አገራቸው በመጀመሪያው የእርስ በርስ ጦርነት ስትነድ ነበር።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ወደ ታሪኩ ይገባል። በየካቲት 1972 በአዲስ አበባ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አደራዳሪነት፣ የሱዳን መንግሥትና የደቡቡ ንቅናቄ የሰላም ስምምነት ፈረሙ። የአዲስ አበባ ስምምነት ለ11 ዓመታት ያህል ለሱዳን ዕረፍት ሰጠ። ደቡቦች በካርቱም መንግሥት ውስጥ ቦታ አገኙ፤ ፍራንሲስ ዴንግም በዚያው ዓመት ወደ አገራቸው ዲፕሎማሲያዊ አገልግሎት ገቡ። መጀመሪያ በስካንዲኔቪያ አገሮች፣ ቀጥሎ በአሜሪካ አምባሳደር ሆኑ። ከ1976 እስከ 1980 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዴኤታ ነበሩ፤ ከዚያም በካናዳ አምባሳደር።

በእነዚያ ዓመታት ያራምዱት የነበረው አቋም ሱዳን የአረብና የአፍሪካ ማንነት የሚገናኙባት፣ ሁለቱም እኩል የሚከበሩባት አገር ልትሆን ትችላለች የሚል ነበር። የትውልድ ቦታቸውን አብዬንም የሁለቱ ድልድይ አድርገው ያዩዋት ነበር። ስምምነቱ ግን ሙሉ በሙሉ አልተፈጸመም። አብዬን ለመሰሉ አካባቢዎች የተገባው የሕዝበ ውሳኔ ቃል ሳይከበር ቀረ። በ1983 ፕሬዚዳንት ኒሜሪ ስምምነቱን አፈረሱት፤ ጦርነቱም እንደገና ተቀጣጠለ። ዴንግ በዚያው ዓመት ከመንግሥት አገልግሎት ወጡ። የደቡብ ሱዳን ሕዝብ ግን መውጫው ወደ እኛ ነበር፤ ኢታንግ፣ ፉኝዶና ዲማ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች መጠለያ ሆኑ።

ዴንግ ወደ ጥናትና ወደ ጽሑፍ ተመለሱ። በዋሽንግተን በብሩኪንግስ ተቋም የአፍሪካን ግጭቶች የሚያጠና ክፍል መሠረቱ። ግጭትን ሁሉ በቀዝቃዛው ጦርነት መነጽር ማየት እንደማያዋጣ፣ መንስኤው በአገር ውስጥ ያለው የማንነት መገፋት መሆኑን ደጋግመው ጻፉ። በ1992 የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን በአገር ውስጥ ተፈናቃዮች ጉዳይ የዋና ጸሐፊው ተወካይ እንዲሾም ሲጠይቅ፣ ግብጻዊው ዋና ጸሐፊ ቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊ የመረጡት ሱዳናዊውን ዴንግን ነበር።

ክቡራትና ክቡራን፤ ይህ ሹመት ስሙ እንጂ ጉልበቱ ትልቅ አልነበረም። የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው፤ ደመወዝ የለውም። የሚያዙት ሠራዊት፣ የሚያከፋፍሉት እህል የለም። በእጃቸው የነበረው አንደበታቸው ብቻ ነበር። በዚያ አንደበት 12 ዓመት ሠሩ። ከ1992 እስከ 2004 ሱዳን፣ ሶማሊያ፣ ሩዋንዳ፣ ቡሩንዲ፣ ሞዛምቢክ፣ አንጎላና ኡጋንዳ ሄደዋል። ከአፍሪካ ውጭም ኮሎምቢያ፣ ፔሩ፣ ስሪላንካ፣ ታጂኪስታን፣ አዘርባጃን፣ ጆርጂያ፣ ኢንዶኔዥያና ፊሊፒንስ ደርሰዋል።

አሠራራቸውን ማወቅ ይገባናል። አንድ ፕሬዚዳንት ዘንድ ሲቀርቡ በቅድሚያ የአገሩን ሉዓላዊነት እንደሚያከብሩ፣ ጉዳዩም የአገር ውስጥ መሆኑን እንደሚቀበሉ ይናገራሉ። ያ ሰውየውን ካረጋጋው በኋላ ነው ሁለተኛው ነገር የሚመጣው። ሉዓላዊ ከሆንክ ሕዝብህን የመጠበቅ ኃላፊነቱም ያንተ ነው፤ ካቃተህ እርዳታ ጠይቅ፤ እርዳታ መጠየቅ ውርደት አይደለም፤ ሕዝብህ እያለቀ በር ከዘጋህ ግን ዓለም ዝም ብሎ አያይህም። መሪውን አያዋርዱትም፤ ኃላፊነቱንም አያቀሉለትም። የአገራችን ሽማግሌ ዳኝነት የሚያውቅ ሰው ይህን አካሄድ ይረዳዋል፤ ክብርን አስቀድሞ ዕዳን ማስታወስ ነው።

ከቤተ መንግሥት ወጥተው ደግሞ ወደ መጠለያ ይሄዳሉ። ተፈናቃዮቹን «ዋና ከተማ ላሉት መሪዎቻችሁ ምን ልንገርላችሁ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። በአንድ የላቲን አሜሪካ አገር ያገኙትን መልስ በጽሑፎቻቸው አንስተውታል። ሰዎቹ በዚያ ከተማ መሪ የለንም፤ እነሱ እኛን እንደ ዜጋ ሳይሆን እንደ ወንጀለኛ ነው የሚያዩን፤ ወንጀላችንም ድህነታችን ነው የሚል መልስ ሰጧቸው። ከዚህ መልስ ዴንግ የችግሩን ሥር አዩ። መፈናቀል የሚጀምረው ሰው ቤቱን ጥሎ ሲወጣ አይደለም። መንግሥትና ዜጋ ባዕድ የሆኑ ዕለት ጀምሯል። ስለዚህ ዱቄትና ድንኳን ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ዜግነቱ ሊመለስለት ይገባል።

ቀጥሎ የመጣው ሥራ የሕግ ነበር። ስለ ተፈናቃዮች አዲስ ስምምነት እንጻፍ ቢባል መንግሥታት ለዓመታት ተከራክረው ላይፈርሙ ይችላሉ። ዴንግና አብረዋቸው የሠሩ የሕግ ሊቃውንት፣ በተለይም የስዊዘርላንዱ ዋልተር ኬሊን፣ ሌላ መንገድ መረጡ። በሰብዓዊ መብት ሕግ፣ በጦርነት ሕግና በስደተኞች ሕግ ውስጥ ተበታትኖ ያለውን ሰብስበው ለተፈናቃይ በሚስማማ መልኩ በአንድ ሰነድ አሰፈሩት። በ1998 ለሰብዓዊ መብት ኮሚሽን የቀረበው ይህ ሰነድ የአገር ውስጥ መፈናቀል መሪ መርሆዎች ይባላል። መርሆዎቹ 30 ናቸው።

ሰነዱ ከመፈናቀል በፊት፣ በመፈናቀል ጊዜና ከመፈናቀል በኋላ ያለውን ሁሉ ይሸፍናል። ሰው በዘሩ ወይም በሃይማኖቱ ምክንያት እንዳይነቀል ይከለክላል። ተቀዳሚው ግዴታ የአገሩ መንግሥት መሆኑን ይደነግጋል። የጠፋ የልደት ምስክር ወረቀትና መታወቂያ ያለ አጉል ውጣ ውረድ እንዲተካ፣ ሴቶችም በስማቸው እንዲያገኙት ያዛል። ልጆች ትምህርታቸው እንዳይቋረጥ ይላል። የእርዳታ ድርጅት ልርዳ ብሎ ሲመጣ በጠላትነት እንዳይታይ ያስጠነቅቃል። ተፈናቃይ የሚመለሰው በፈቃዱ፣ በደኅንነትና በክብር መሆን አለበት። የተወሰደበት ንብረት ይመለስለታል፤ ካልተቻለ ካሳ ያገኛል።

ሰነዱ አስገዳጅ ስላልነበረ አንዳንድ መንግሥታት ማን ፈቅዶ ጻፈው ብለው ተቃወሙ። ቢሆንም ከ40 በላይ ቋንቋዎች ተተረጎመ፤ በ2005 የዓለም መሪዎች ጉባኤ ጠቃሚ ዓለም አቀፍ ማዕቀፍ ብሎ ተቀበለው። ያው ጉባኤ ሕዝብን ከዘር ማጥፋትና ከጅምላ ግፍ የመጠበቅ ኃላፊነትንም አጸደቀ፤ ይህ መርህ ዴንግና የሥራ ባልደረቦቻቸው በ1996 ሉዓላዊነትን እንደ ኃላፊነት ባዩበት መጽሐፍ ላይ የቆመ ነው። በ2005 ዴንግና አሜሪካዊቷ ባልደረባቸው ሮበርታ ኮኸን ስለ ተፈናቃዮች ለሠሩት ሥራ የግራውማየር ሽልማትን በጋራ አገኙ።

የእኛ አህጉር ከሁሉ ቀድማ የሄደችበት ቦታም እዚህ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2009 የአፍሪካ ኅብረት አባል አገሮች ካምፓላ ላይ ተሰብስበው ለአገር ውስጥ ተፈናቃዮች ጥበቃና እርዳታ የሚሰጥ ስምምነት አጸደቁ፤ ታኅሣሥ 6 ቀን 2012 ሥራ ላይ ዋለ። በዓለም ላይ በዚህ ጉዳይ አንድ አህጉርን በሙሉ የሚመለከት አስገዳጅ ስምምነት ሲጸድቅ ይህ የመጀመሪያው ነው። የመንግሥትን ብቻ ሳይሆን የታጣቂ ቡድኖችን ግዴታም ይዘረዝራል፤ በልማት ፕሮጀክት ስም ሰውን ስለ ማስነሳትም ይናገራል። አፍሪካ ከሌላ የምትቀበል ብቻ ሳትሆን ለዓለም ሕግ የምታዋጣ መሆኗን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

የዴንግ ታሪክ ግን የድል ታሪክ ብቻ አይደለም። ሐሳባቸው በራሳቸው ቤት በጽኑ ተፈተነ። ከ2007 እስከ 2012 ዘር ማጥፋትን ስለ መከላከል የዋና ጸሐፊው ልዩ አማካሪ ሆነው ሳሉ፣ በግንቦት 2011 የሱዳን ጦር አብዬን ያዘ። ከ100,000 በላይ ሰው ወደ ደቡብ ሸሸ። የተፈናቃዮችን ሕግ ያስጻፉት ሰው የገዛ ቀያቸው ሰዎች ተፈናቃይ ሆኑ።

በሰኔ 2011 የሱዳንና የደቡብ ሱዳን ወገኖች አዲስ አበባ ላይ ከአብዬ ጦር ለማውጣት ተስማሙ። ሰኔ 27 ቀንም የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 1990 ኢትዮጵያ የምታዋጣውን እስከ 4,200 ወታደር የሚደርስ የሰላም አስከባሪ ኃይል አቋቋመ። የእኛ ልጆች ሰማያዊውን ቆብ አድርገው የዴንግን የትውልድ ምድር ጠበቁ። በግንቦት 2013 የንጎክ ዲንካ የበላይ አለቃ የነበሩት የዴንግ ወንድም ኩኦል ዴንግ ከሰላም አስከባሪዎች ጋር ሲጓዙ በተከፈተ ጥቃት ተገደሉ፤ አብሯቸው አንድ ኢትዮጵያዊ ሰላም አስከባሪም ወደቀ። የዴንግ ማጆክ ልጅና የኢትዮጵያዊት እናት ልጅ በአንድ መንገድ ላይ ለአንድ ሰላም ደማቸውን አፈሰሱ። ይህን ታሪክ ልጆቻችን ሊያውቁት ይገባል።

በ2012 ዴንግ ከሱዳን የተለየችው የአዲሲቷ ደቡብ ሱዳን የመጀመሪያ ቋሚ ተወካይ ሆነው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተቀመጡ። በታኅሣሥ 2013 በአገሪቱ መሪዎች መካከል የተነሳው ጠብ ወደ እርስ በርስ ጦርነት ተለወጠ። ሚሊዮኖች ከቤታቸው ወጡ፤ በሰላም አስከባሪዎች ግቢ የተጠለለው ሰው ብቻ ወደ 200,000 ተጠጋ። ለሌሎች መንግሥታት ኃላፊነታቸውን ሲያስታውሱ የኖሩት ሰው በዚያ ሰዓት የሚወክሉት መንግሥት ራሱ ተጠያቂ ሆነ። ይህን አልደብቅም፤ የማንኛውም ዲፕሎማት ከባዱ ፈተና ይህ ነውና። ለእኔ የሚያሳየኝ ግን መርሁ ከሰው እንደሚበልጥ ነው። መርሁ የጻፈውንም፣ የወከለውንም፣ የሚወደውን መንግሥትም እኩል ይጠይቃል። እንዲህ ካልሆነማ ሕግ አይሆንም።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ኢትዮጵያ የውጭ ስደተኛን በማስተናገድ ስሟ የሚጠራ አገር ናት። የተፈናቃይ ጉዳይ ግን ቁስላችን ነው። በጄኔቫ ያለው የአገር ውስጥ መፈናቀል መከታተያ ማዕከል በ2021 በአገራችን በግጭትና በአመጽ ከ5 ሚሊዮን በላይ መፈናቀል መዝግቧል፤ እስከዚያ ጊዜ በአንድ ዓመት በአንድ አገር ከተመዘገበው ሁሉ የበለጠ ነበር። ያ ቁጥር በሰሜን፣ በምዕራብ፣ በደቡብ፣ በሁሉም ቋንቋና እምነት ያሉ ወገኖቻችን ነው።

የሕግ ማዕቀፉ ግን አለን። የካምፓላን ስምምነት በእኛ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጽድቀነዋል። ስለዚህ ተፈናቃይን መርዳት ምጽዋት መሆኑ ቀርቷል፤ ግዴታ ነው። ተፈናቃዩም የሚጠይቀው ችሮታ ሳይሆን መብቱን ነው። የምክር ቤት አባል የሆናችሁ፣ አዋጁ በየወረዳው ምን ያህል እንደተፈጸመ ጠይቁ። የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ፣ ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው መታወቂያ አምጣ ብላችሁ አትመልሱት፤ መታወቂያውን የማውጣት ግዴታ የናንተ ነው። ጋዜጠኞች፣ ተፈናቃዮች ተመለሱ የሚል ዜና ሲደርሳችሁ በፈቃዳቸው ነው ወይ፣ ደኅንነታቸው ተጠብቋል ወይ፣ መሬታቸው ተመልሷል ወይ ብላችሁ አጣሩ። በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች፣ ለወገናችሁ ስትሰበስቡ ገንዘቡ ለአንድ ብሔር ተፈናቃይ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር አደራ እላችኋለሁ። ተፈናቃይን በማንነቱ መርጦ ማዘን ለቀጣዩ መፈናቀል ማገዶ ማቀበል ነው።

ወጣት ዲፕሎማቶቻችንን ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የአገርን ክብር መጠበቅ ሥራችሁ ነው፤ ጠብቁ። ነገር ግን በውጭ መድረክ «የውስጥ ጉዳያችን ነው» የምትለዋን አረፍተ ነገር ከመናገራችሁ በፊት፣ በውስጥ ያለው ሰው በእርግጥ እየተጠበቀ መሆኑን ጠይቁ። ዴንግ ያስተማሩን ሁለቱ እንደማይጋጩ ነው። ዜጋዋን የምትጠብቅ አገር ማንም በሯን አይገፋም፤ እውነተኛው የሉዓላዊነት ዘብ የሚቆመው በመጠለያ ያለው ዜጋ «መንግሥቴ» ብሎ የሚጠራው መንግሥት ሲኖረው ነው።

በዓለም ላይ በ2024 መጨረሻ በአገራቸው ውስጥ ተፈናቅለው የሚኖሩ ሰዎች ከ83 ሚሊዮን አልፈዋል፤ ከ11 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት የዴንግ የትውልድ አገር የሱዳን ሰዎች ናቸው። ሥራው አላለቀም ማለት ነው። ሕጉ ተጽፏል፣ ጸድቋል፣ ታትሟል። ከእንግዲህ የሚቀረው ማስፈጸም ነው፤ ማስፈጸም የመንግሥት ግዴታ ነው፣ መጠየቅ ደግሞ የእያንዳንዳችን።